የውሻ ሽማግሌ

የአባቱ ዓይን ሲደክም ጆሯቸውም አብሮ የደከመ ይመስል፣ እንድርያስ በረንዳው ላይ ከአባቱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቆሞ፣ «አንድ መርፌ ይበቃዋል። ከሰዓት ከመውጣታችን በፊት ብቅ ብለህ ወግተህልኝ ትሄዳለህ። አባባ አያውቅም» አለ በስልክ። አቶ ገብረወልድ የፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊታቸውን አላዞሩም። እጃቸውን ብቻ ወደ ታች ሰደዱና ከወንበሩ ሥር የተኛውን የውሻቸውን የጓዴን ጀርባ ፈልገው አገኙት፤ እጃቸውም እዚያው ቀረ። ከቆርቆሮው አጥር ባሻገር አንሶላ የምታሰጣው ጎረቤታቸው ማናልሞሽ ግን ሁሉንም ሰማች። እንድርያስ ከብት የሚያክም የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ እንዳለው ታውቃለች፤ መርፌው ለማን እንደሆነም ለመገመት ጊዜ አልፈጀባትም።

ማናልሞሽ ስትናደድ አትጮህም፤ ነጠላዋን ታወጣለች። አንሶላውን እንደ ረጠበ ገመዱ ላይ ወርውራ ገባችና ጥለቱ የደመቀውን ነጠላዋን አጣፍታ ተመልሳ ወጣች። በጎረቤቷ በር ስትገባ እንድርያስ ስልኩን ኪሱ ውስጥ እየከተተ ነበር። ልጅ ሳለ ጎመን ከጓሮዋ እየቀነጠሰ ያስቸግራት የነበረ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ ሥራ ይዞ፣ ኮንዶሚኒየም ደርሶት፣ ጸጉሩ ከፊት ሸሽቷል። አባቱን ለዓይን ሕክምና፣ ከዚያም ለዘለቄታው ሊወስዳቸው መጥቷል። ቤቱን የተከራየው ሰው ቁልፉን ዛሬ ለመረከብ እየጠበቀ ነው።

«መኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚመጣላችሁ?» አለችው።

«ዘጠኝ ሰዓት። መኪና ያለው ጓደኛዬ እስከ ቦንጋ ያደርሰናል፣ እዚያ እናድራለን። ምነው እትዬ?»

«ለጓዴ ቤት ልፈልግለት ነዋ።»

እንድርያስ ወደ አባቱ ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ አርጅቷል እኮ። ማን ይወስደዋል? እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፣ ጎረቤቱ ዶሮ እንኳን አያሳድርም። ፈልጌ መሰለሽ?»

«እሱን ለእኔ ተወው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን ማንም ሰው እዚህ ግቢ ድርሽ እንዳይል።»

እንድርያስ ፊቱ ቀላ። አቶ ገብረወልድ ያን ጊዜ ነው የተናገሩት። «ማናልሞሽ» አሉ፣ እጃቸውን ከውሻው ላይ ሳያነሡ። «የሚያዋራው ሰው ያለበት ቤት ይሁን። ወሬ ለምዷል።»

ወሬ ያስለመዱት ራሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ወለላ ካረፈች ወዲህ በዚያ ቤት ከሬዲዮው ሌላ የሚያወሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ የሚያወሩትም ለዚህ ውሻ ነበር፤ ዜናውን እያቆሙ ያስረዱታል እየተባለ ሰፈሩ ይስቅባቸዋል። ስሙንም ጓዴ ሲሉት የደርግ ናፍቆት አለባቸው ብለው ያሟቸው ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የቡና እርሻ ትራክተር ሲጠግኑ የኖሩ፣ ስብሰባ ተጠርተው በሰዓቱ ተገኝተው የማያውቁ ሰው ምን የደርግ ናፍቆት አላቸው። ጓዴ ያሉት ጓዳቸው ስለሆነ ነው። ዓይናቸው ሲደክም ደግሞ ውሻው ሳያስተምሩት ሥራ ቀየረ፤ ሌባ መጠበቁን ትቶ እሳቸውን መጠበቅ ያዘ። በቀኝ በኩል እግራቸውን እየታከከ እስከ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳቸዋል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ይቆማል። ማናልሞሽ ይህን ሁሉ በየቀኑ በአጥሯ ቀዳዳ ስታይ የኖረች ናት፤ መርፌ የሚለው ቃል ለዚህ ነው አንጀቷን የቆረጠው።

ሰፈሩ ደግሞ እሷን የውሻ ሽማግሌ ይላታል። ስድብም ፍቅርም አለበት። ሚዛን ተፈሪ የዝውውር ከተማ ናት፤ ሠራተኛው ከየአገሩ ይመደብባታል፣ ትንሽ ኖሮ፣ ዝናቡን አማርሮ፣ ሲዛወር ፍሪጁን ይጭናል፣ ሶፋውን ይጭናል፣ አልጋውን ፈታትቶ ይጭናል፣ ውሻው ግን በር ላይ ይቀራል። ማናልሞሽ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ የእነዚያን ሰዎች የዝውውር ደብዳቤ እሷ ነበረች የምትተይበው፤ እያንዳንዱን ስትተይብ አንድ ውሻ ሜዳ ላይ የጣለች እየመሰላት መጣ። ሽምግልናውን እንዲህ ጀመረችው። የድመትም፣ የውሻም፣ አንድ ጊዜም የጦጣ ሽማግሌ ሆናለች። አካሄዷ ለጋብቻ እንደሚላክ ሰው ነው፤ ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች፣ ተቀመጪ ሳትባል አትቀመጥም፣ ነውሩን ቀድማ ትናገራለች፣ ጫማ ይበላል ወይም ሌሊት ያላዝናል ትላለች፤ ከዚያ በፊት እዚያ ቤት የነበረው ውሻ ምን እንደሆነ ትጠይቃለች። የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት ዋናዋ። በመኪና ተገጨ የሚሉ አሉ፣ ጠፋ የሚሉ አሉ፣ ትዝ የማይላቸውም አሉ። ትዝ ለማይላቸው ሰጥታ አታውቅም።

ያን ዕለት መጀመሪያ የሄደችው ሸምሱ ጋ ነው። ሸምሱ ከገበያው በላይ ሱቅ አለው፣ ከሱቁ ጀርባ የቡና መጋዘን አለው፣ ውሻ ቤቱ ባያስገባም ለመጋዘኑ ሁለት ወስዶላት ያውቃል፤ ሁለቱም ወፍረው ነው የኖሩት። ስኳር ለማን ስንት እንደተመዘነ ከሠራተኛው ጋር እየተከራከረ ነበር። የስኳር ነገር ተነሣ፣ የስሚንቶ ነገር ተነሣ፣ ማርዋ የምትባለው ልጁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ እንደገባች ተነገረ፣ ማናልሞሽም እልል ማለት ሲቀራት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተደሰተች። የመጣችበትን ስትነግረው ሸምሱ የማን ውሻ እንደሆነ ወዲያው ዐወቀ። «የጋሽ ገብረወልድን? እሱማ ሌባ ቢመጣ ክንዱን ይዞ በር ድረስ ይሸኘዋል» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወ። «ወላሂ ማናልሞሽ፣ ለሰውዬው ብዬ ብወስደው እዚህ የሚያየው የለም። ዘበኞቹ ማታ ነው የሚመጡት። ቀን ሙሉ ከኬሻ ጋር ሊውል ነው።» እውነቱን ነበር። የሚያዋራው ሰው ያለበት ቤት አልነበረም። አመስግናው ወጣች፤ ሸምሱ ካራሜላ በእፍኙ ዘግኖ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረላት።

ሁለተኛው ቤት አዲስ ነው፤ ግቢው በሙሉ ሲሚንቶ ተደርጎበታል፣ አንድ ቅጠል የሚበቅልበት ቦታ አልቀረም። የቤቱ እመቤት እንግዳ ማስተናገድ የምትወድ ሴት ናት፤ ማናልሞሽን ሳሎን አስገብታ ለስላሳ ከፈተችላት፣ ሶፋው ገና ላስቲኩ አልተገፈፈለትም። ውሻ እንደምትፈልግ ለሰው ስትናገር ተሰምታ ነው ማናልሞሽ የሄደችው። ጨዋታው ጥሩ ሄደ፤ ሴትዮዋ ቀስ ብላ «ይናከሳል?» አለች። ማናልሞሽ «አይናከስም» ስትል ሴትዮዋ ቅር አላት። የቀድሞው ውሻችሁስ ስትባል፣ ሴትዮዋ ወደ ኩሽናው ዞራ ሠራተኛዋን «ያ ውሻ ምን ሆኖ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ማናልሞሽ ለስላሳዋን አጋምሳ ተነሣች። መንገድ ላይ ዝናቡ ያዛት። ዝናብ ለሚዛን ሰው ብርቅ ባይሆንም ያን ዕለት አጠገቧ ያለፈው ባጃጅ ጭቃውን ነጠላዋ ላይ ረጨው፤ ቆማ ጥለቱን አየችውና ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ፈራ። ሰዓቱ እየሄደ ነበር። ውሻ አርጅቶ ቤት መለወጥ እንደ ሰው ሁሉ ነው፤ ማንም ቢሆን ጉልበት ያለውን ነው የሚፈልገው።

ካሰች ለምን ይሄን ያህል ዘግይታ ትዝ አለችኝ እያለች ራሷን እየወቀሰች በሦስት ብር ባጃጅ ወደ ከተማው መውጫ ወረደች። ካሰች ከከምባታ አገር በልጅነቷ የመጣች፣ ሙዝና አቮካዶ እየሰበሰበች ለመኪና የምታስጭን ሴት ናት። ቤቷ ከቦንጋው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ ጭቃ ቤት ነው፣ ቆርቆሮው ግን አዲስ ነው፣ ጓሮው ጎደሬና ሙዝ ነው። ስትደርስ በረንዳ ላይ ሙዝ እየቆረጠች በቅጠል ትሸፍን ነበር።

«ግቢ እትዬ፣ ግቢ፣ ዝናቡ መታሽ እኮ» ብላ በርጩማ ገፋችላት።

ማናልሞሽ ነውሩን ነገረቻት። አርጅቷል፣ ሌባ አያባርርም፣ ቀኝ እግርሽን እየታከከ ሥራ ያስፈታሻል አለቻት። ካሰች ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እኔ ለሌባ አልፈልግም። ምን አለኝና ለሌባ? ልጄ አግብታ ማሻ ከሄደች ቤት ስገባ ጭጭ ነው። በር ስከፍት አንድ ነገር እንኳ አይንቀሳቀስም። እሱ ነው የከበደኝ።»

«የቀድሞው ውሻሽስ?»

ካሰች በአገጯ ወደ አቮካዶው ዛፍ አመለከተች። «እዚያ ነው ያለው። ልጄ ትምህርት ስትጀምር መጣ፣ እሷ ስታገባ ሞተ። ለሠርጉ የመጡ ሰዎች ናቸው የቆፈሩልኝ።» ማናልሞሽ እዚያው በርጩማው ላይ ዓይኗ ውኃ ሞላ።

የቀረው ዳቦው ነው። ውሻ አዲስ ጌታ እንዲለምድ አዲሱ ጌታ ዳቦ ብብቱ ውስጥ ይዞ ይውላል፣ ላቡ የነካውንም ያጎርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ውሻው የት ቤቱ እንደሆነ ያውቃል ይባላል። ፈረንጅ ይሳቅበት እንጂ ማናልሞሽ ያለ ዳቦ ያስማማችው ውሻ የለም። ካሰችም ነገሩን ከአገሯ ታውቀዋለች፤ ከመንገድ ዳር ሱቅ አንድ ዳቦ አስመጥታ ቀሚሷን ከፈት አድርጋ ብብቷ ሥር ወተፈችው፣ ክንዷን ገጥማም በአንድ እጇ ሙዟን መደርደር ቀጠለች። ሁለቱ ሴቶች ስለ ዝናብ፣ ስለ ማሻ መንገድ፣ ስለ ልጅ አወሩ። ካሰች ራሷ ወጥታ ማጉረስ ነበረባት፤ ግን ሙዙን የሚጭነው አይሱዙ አልመጣም፣ ትታው ብትሄድ የሳምንት ድካሟ ሊበሰብስ ነው። ስለዚህ ዳቦውን አውጥታ በሙዝ ቅጠል ጠቀለለችላት። «ላቤ አለበት፤ ማንም ያጉርሰው» አለች። ማናልሞሽ ትንሽ ከበዳት፤ ሰዓቷን አየችና ተቀበለች።

የአቶ ገብረወልድ ቤት ባዶ ሆኖ ጠበቃት። ዕቃው ለተከራዩም ለዘመድም ተከፋፍሏል፤ ግድግዳው ላይ ፎቶግራፎች የነበሩበት ቦታ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፣ ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ሻንጣና አንድ ወንበር ብቻ ቀርቷል። አባትና ልጅ ከሆቴል የመጣ ምሳ በልተው ሳህኑ መካከላቸው ነበር። ሲያወሩ እንዳልነበሩ ታውቋታል፤ እንድርያስ ስልኩን ይነካካል፣ አቶ ገብረወልድ ጓዴን ያሻሻሉ። «ተገኘ» ስትላቸው ሽማግሌው የምትወስደው ሴት ማን እንደሆነች፣ ድምጿ እንዴት እንደሆነ፣ ትቆጣ እንደሆነ ጠየቁ። ሁሉንም መለሰችላቸው። ከዚያ ዳቦውን አውጥታ፣ ውሻው ከሌላ እጅ እንደማይበላ ስለምታውቅ፣ «እርስዎ ያጉርሱት» ብላ እጃቸው ላይ አስቀመጠችና ገመድ ልታመጣ ወደ ቤቷ ሄደች። ገመዱ ልብስ ማስጫው ነበር፤ አንሶላውን አንሥታ እስክትፈታው ድረስ ትንሽ ቆየች። ስትመለስ ዳቦው ገና አልተበላም። አቶ ገብረወልድ ቀስ እያሉ እየቆረሱ ማጉረስ ጀመሩ። ዕድሜ ነው ብላ አለፈችው።

ጓዴን በእግር ወሰደችው። ከግቢው ሲወጣ ሦስቴ አራቴ ዞረ፣ ግን ሄደላት። ካሰች ሙዟን አስጭና ጨርሳ ቅልጥም አዘጋጅታለታለች፤ በረንዳው ላይ አሰሩት፣ ካሰች አጠገቡ ተቀምጣ በራሷ ቋንቋ ታወራው ጀመር፤ እሱም ጆሮውን ቀና አድርጎ ሰማት። ማናልሞሽ እፎይ ብላ ተመለሰች። የእንድርያስ ጓደኛ ነጭ የመስክ መኪና በአቶ ገብረወልድ በር ቆሞ ነበር፤ ሻንጣው ገብቷል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ለስንብት ወጥቷል፣ ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጥፈው ይዘው አሮጌ ካፖርታቸውን ለብሰው መሬቱን በዘንግ እየነኩ ወደ መኪናው ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ነው ጓዴ ከመንገዱ ጥግ ብቅ ያለው። የተበጠሰ ገመድ አንገቱ ላይ፣ እስከ ሆዱ ጭቃ፣ ምላሱ ወጥቶ። ሰውን ሁሉ አልፎ መጥቶ በቀኝ በኩል እግራቸውን ታከከ። አቶ ገብረወልድ ዘንጋቸውን ጣሉና ሁለት እጃቸውን ራሱ ላይ አኖሩ፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ለማየት የሚያሳፍር ነበር።

«እንግዲህ ሞክረናል እትዬ» አለ እንድርያስ። ክፋት አልነበረበትም፤ ደክሞታል። ስልኩን አውጥቶ ቁጥር ይፈልግ ጀመር። «ሜዳ ላይ ሲራብ ከሚኖር ይሻለዋል።»

«ስልኩን ዝጋው» አሉ አቶ ገብረወልድ። «ጠዋትም ሰምቼሃለሁ።»

እንድርያስ እጁ ባለበት ቀረ። ስልኩን ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ መለሰው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ወደ ማናልሞሽ ዞረው። «ዳቦውን ስትሰጪኝ ብብቴ ውስጥ ከተትኩት። የእሷ ላብ ቢኖርበትም የእኔን አበዛሁበት። እንዳይረሳኝ ብዬ ነው፤ ሌላ ምን እልሻለሁ።»

ማናልሞሽ ልትቆጣ ፈለገች። ቀኑን ሙሉ በዝናብ የተንከራተተችው ለዚህ ነው? ግን ቁጣው አልመጣላትም። በስተርጅና አገር ለቆ የሚሄድ ሰው፣ አንድ የሚያስታውሰው ነፍስ ወደ ኋላ ማስቀረት ቢያምረው ምኑ ነውር ነው? «በሕይወት እንዲኖር ከፈለጉ ግን መርሳት አለበት ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «እሷ ቤት ካልዋለ፣ እዚህ በር ላይ ተጋድሞ እርስዎን ሲጠብቅ ነው የሚሞተው።»

አቶ ገብረወልድ የውሻውን ጆሮ በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ «መንገዳችን ላይ አይደለም እንዴ ቤቷ? ውሰዱኝ» አሉ።

ጓዴ ከኋላ ወንበር ላይ በእግራቸው መካከል ተቀምጦ ሄደ። ማናልሞሽ ከጎናቸው ሆነች፣ እንድርያስ ከፊት። ካሰች በሯ ላይ ቆማ፣ የተበጠሰውን ገመድ በእጇ ይዛ ስታለቅስ አገኟት፤ ውሻው የጠፋ መስሏት ነበር። አቶ ገብረወልድ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወረዱ፣ ውሻው እንደለመደው ቀኛቸውን ይዞ። «የት አለሽ ልጄ?» አሉ፤ ካሰች ቀርባ እጃቸውን ጨበጠች። ያን ጊዜ የካፖርታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ መፍታት ጀመሩ።

«አባባ፣ ይበርድሃል» አለ እንድርያስ።

«ይብረደኝ።» ካፖርታቸውን አወለቁና ትከሻዋን በእጃቸው ፈልገው አለበሷት፤ እጅጌውንም አስገቡላት፣ ልጅ እንደሚያለብሱ። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደረሰ። «እስኪለምድሽ አታውልቂው። ስትተኚም ለብሰሽው ተኚ። አታጥቢው። ሽታዬ ከላዩ እየለቀቀ ሲሄድ ያንቺ ይገባበታል፤ እሱም ሳያውቀው ያንቺ ይሆናል።» ከዚያ ጎንበስ ብለው የውሻውን አንገት ገመድ ራሳቸው ፈቱት። በጆሮው የሆነ ነገር አወሩት፤ ምን እንዳሉት ማንም አልሰማም። ካሰች እንባዋን በካፖርቱ እጅጌ ጠርጋ «ና ጓዴ» ብላ ወደ ቤቷ ተራመደች።

አቶ ገብረወልድ በሸሚዝ ብቻ ሆነው ወደ መኪናው ተመለሱ። እንድርያስ ጃኬቱን አውልቆ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገ፤ የፊቱን ወንበር ትቶም ከኋላ ከጎናቸው ገባ። ማናልሞሽ ከውጭ በመስኮቱ አጠገብ ቆመች። ሞተሩ ተነሣ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ካሰች ቤት አዙረው፣ ከጉም በቀር ምንም በማያሳያቸው ዓይን ትኩር ብለው አዩ።

«ማናልሞሽ፣ እያየኝ ነው?» አሉ።

ማናልሞሽ ዞራ አየች። ጓዴ አፍንጫውን የካፖርቱ ጫፍ ላይ ለጥፎ የካሰችን ቀኝ እግር እየታከከ በረንዳውን ወጥቶ ነበር። አንድ ጊዜም ዞር አላለም። ገባ፤ በሩ ክፍት ሆኖ ቀረ፣ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ቀኑን ሙሉ የደከመችው ለዚህ ነበር፤ እንዲህ ያማረ ማስማማት ገጥሟትም አያውቅም። መልሱን ትታ የመስኮቱን ጠርዝ በእጇ ያዘች።

እንድርያስ በአባቱ ላይ ዘንበል ብሎ በመስኮቱ አሻግሮ ተመለከተ። ባዶውን በር አየው።

«እያየህ ነው አባባ» አለ። «በሩ ላይ ቆሟል። ጅራቱን እየቆላልህ ነው።»

አቶ ገብረወልድ እጃቸውን በመስኮቱ አውጥተው አወዛወዙ። እንድርያስም እጁን አውጥቶ፣ ቤቱ ከዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ፣ ለባዶው በር ከአባቱ ጋር አወዛወዘ።